ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፦ ቲዎሪው ይቅደም ወይስ አፕሊኬሽኑ?

ዘጣና (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (አንድ ነገር የሚለወጥበትን ፍጥነት የሚገልጽ ኢኩዌሽን) ለሚማር የኢንጂነሪንግ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት በምን ትከፍታላችሁ? ሃንድአውቱ ከደፊኒሽን ተነሥቶ ቀጥታ መፍትሔው መኖሩንና አንድ ብቻ መሆኑን ወደሚናገረው ቲዎረም ይገባል። አፕሊኬሽኑ የምዕራፉ ጭራ ላይ ነው፤ እዚያ ሳይደረስ ሚድ (የአጋማሽ ፈተናው) ይመጣል። ገልብጬ ባስተምር ምን ይበላሻል?

ጮቄ
ይገልብጡት መምህር። ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና አንድ ሲኒ ቡና ይበቃል። ክፍሉ 24 ዲግሪ፣ ቡናው 84 ቢሆን ልዩነቱ 60 ነው። በ5ኛው ደቂቃ 64 ከተነበበ ልዩነቱ 40 ሆኗል። ኢኩዌሽኑን ሳይጽፉ «በ10ኛውስ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙው ተማሪ 44 ይላል፤ 20 ወርዷልና ሌላ 20 ይወርዳል ብሎ። ቴርሞሜትሩ ግን ወደ 51 ይጠጋል፣ የሚቀነሰው በየ5 ደቂቃው የልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ነዋ፦ 60፣ 40፣ 26.7። «የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ልዩነቱን ይከተላል» የሚለው ከራሳቸው አፍ ከወጣ በኋላ ኢኩዌሽኑን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ፍጥነቱን ለማግኘት ልዩነቱ የሚባዛበት ቋሚ ቁጥርም የ1.5 ናቹራል ሎግ ለ5 ተካፍሎ በደቂቃ 0.081 ይመጣል።

ሲኒው ይከደን። ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ላይ እንፋሎቱ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ቁጥሩ አይገጥምም። ደግሞ ከ100 አይነሡ፤ ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ገደማ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከዚያም ያንሳል።

ማርቆስ
ቡናው ይሁን፤ እዚያው መቅረቱ ነው ችግሩ። ያንኑ ኢኩዌሽን ለተማሪው በኦይለር ዘዴ (የአሁኑን ፍጥነት ይዞ በጊዜ እርምጃ እየዘለሉ ማስላት) ስጡትና እርምጃውን 30 ደቂቃ ያድርገው። ቡናው ከዜሮ በታች 62 ዲግሪ ይሆናል! በሚቀጥለው እርምጃ 147 ይገባል። ኮምፒውተሩ አንዲት የስሕተት መልእክት አያወጣም። በየእርምጃው ልዩነቱ የሚባዛው በ«1 ሲቀነስ 0.081 ጊዜ 30» ነው፣ ማለትም በ−1.43፤ ምልክቱ ይገለበጣል፣ መጠኑም ያድጋል። እርምጃው ከ24.7 ደቂቃ ካለፈ ውጤቱ እያደገ ይፈነዳል፤ ከ12.3 ካለፈ ደግሞ ባይፈነዳም ቡናው ከክፍሉ በታች ይቀዘቅዛል። በ1 ደቂቃ እርምጃ 5ኛው ደቂቃ ላይ 63.3 ያገኛል፣ ለ64 ቅርብ ነው። ይህን ወሰን የሚነግረው ቲዎሪው እንጂ ሲኒው አይደለም።

የዲማው
ለጎጃም ሰው ይህ ክርክር አዲስ ነው እንዴ? ቅኔ ቤት ግስና አገባብ ይነገራል፤ ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) የሆነችውን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ (ማለትም ገጥሞ) ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ግሱ ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቆ ቅኔ የሚጀምር የለም፤ ያለ ግስም የሚቆጥር የለም።

ያንን የፈሩትን ቲዎረምም በአፕሊኬሽን ማስገባት ይቻላል። ታችኛው ጫፉ የተበሳ ጀሪካን ውሃ ሞልተው ያስቀምጡ። ከፍታው የሚወርድበት ፍጥነት ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ተማሪው ክፍል ሲገባ ጀሪካኑ ባዶ ይሁንና «መቼ አለቀ?» ይበሉት። ከአምስት ደቂቃ በፊትም፣ ከአንድ ሰዓት በፊትም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ኢኩዌሽኑን ያሟላሉ፣ ሁሉም አሁን ዜሮ ናቸው። መፍትሔው አንድ አይደለም ማለት ነው። ምክንያቱ ስኩዌር ሩት ዜሮ ላይ ስሎፑ ወሰን የለሽ መሆኑ ነው፤ ቲዎረሙ የሚጠይቀው ቅድመ ሁኔታ እዚያች ነጥብ ላይ ይፈርሳል። ቡናው ላይ ግን አይፈርስም፣ የአሁኑን ዲግሪ ያወቀ ወደ ኋላ ቆጥሮ የቀድሞውን ያገኛል።

ዘጣና
ጀሪካኑን ወድጄዋለሁ። ሚድ ላይስ ምን ልጠይቅ? ፎርሙላ ብቻ ከጠየቅሁ ተመልሰው ሽምደዳ ይገባሉ።

ማርቆስ
ያችን ከዜሮ በታች 62 የምትለውን ውጤት ከነእርምጃው ይስጧቸው። ስሕተቱ የት እንደሆነና ትልቁ የሚፈቀደው እርምጃ ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ካልኩሌተር ይፈቀድ።