ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮ የትኛው የኪያር ዘር?

ዘሃራ፣ ስቶክሆልም፦
ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች፣ ባላችሁበት። በመጪው ዓመት ተጠቃለን ልንገባ ነው። ደሴ፣ ገራዶ ያለው ግቢያችን ለአትክልት የሚሆን 6 በ4 ሜትር ቦታ አለው፤ የባለቤቴ ወላጆች ደግሞ ኮምቦልቻ ናቸው። እዚህ የኪያር ዘር በዓይነት በዓይነቱ ይሸጣል፣ የሁሉም ፓኬት ሥዕል ያምራል። ለሁለቱም ግቢ አንድ ዓይነት ዘር ይበቃል? መቼስ ይዘራል?

ይማም፣ ኮምቦልቻ፦
እህቴ ዘሃራ፣ አይበቃም። ዘሩም ይለያያል፣ ወሩም ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በየ100 ሜትር ከፍታው ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ደሴ 4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ለጎመንና ለድንች ይህ ምንም አይደለም። ኪያር ግን ብርድ አይችልም። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ዘሩ ሳምንት ሳይሞላው ይበቅላል፤ አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ እዚያው ይበሰብሳል። የበቀለውም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ከመታው በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ስለዚህ ሥዕሉን ትተሽ ፓኬቱ ላይ ሁለት ነገር አንብቢ፦ በስንት ቀን ይደርሳል? ንብ ይፈልጋል ወይስ ያለ ንብ ያፈራል?

ለኮምቦልቻ ማርኬትሞር 76 እመርጣለሁ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከ65 እስከ 70 ቀን ይፈጃል። የሞዛይክ ቫይረስን ይቋቋማል፣ የቅጠል በሽታዎችንም ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል። ዲቃላ ስላልሆነም ዘሩን ራሳችሁ ታስቀራላችሁ። ለደሴ ቶሎ የሚደርስ ያስፈልጋል፦ ቤት አልፋ በ55 ቀን አካባቢ ይደርሳል፣ ልጡ ስስ ነው፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይቆረጣል። እዚያው ስዊድን ያለው የቬስተሮስ ኪያርም ለደሴ መሞከር ያለበት ነው። አጭር፣ ለኮምጣጤ የሚሆን፣ በሜዳ የሚዘራ የቆየ ዘር ነው፤ የስዊድንን ቀዝቃዛ በጋ ለምዶታል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ለሞቃት ቦታ የተቆጠረ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጨምሪበት።

እዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ረጅሙን ኪያር ሜዳ ላይ አትዝሪው። ያለ ንብ እንዲያፈራ ለግሪንሃውስ የተዘጋጀ ነው። ንብ ከደረሰበት ዘር ይቋጥራል፣ ጫፉ ያብጣል።

ወሩን በተመለከተ፣ ኮምቦልቻ ውሃ ካለ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይዘራል። ሌላው ጊዜ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ችግኝ አፍልቶ መስከረም ሲጠባ መትከል ነው፤ ጥቅምት ላይ ይለቀማል፣ ከኅዳር ወዲያ የእኛም ሌሊት ይቀዘቅዛል። ደሴ ላይ ሚያዝያ ሲገባ፣ መሬቱ ሲሞቅ፣ እዚያው መደቡ ላይ መዝራት ነው።

አበባው፣ ደሴ፦
ጋሽ ይማም ስለ ዘሩ ያሉት ልክ ነው፣ በመጨረሻው ግን አልስማማም። ደሴ ሚያዝያ ላይ በቀጥታ ከተዘራ ገና መልቀም ሲጀመር ሐምሌ ይገባል፣ ዝናቡም ቅጠሉን በበሽታ ይጨርሰዋል። እዚህ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ማፍላት የግድ ነው።

ባዶ የእርጎ ኩባያ ወይም ትንሽ ጥቁር ፌስታል ከታች ይበሳል። ብስባሽ፣ ቀይ አፈርና አሸዋ እኩል እኩል ይደባለቃል። ሁለት ሁለት ዘር 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገባል፣ ለብ ባለ ውሃ ይጠጣል፣ ማታ ምድጃ ያለበት ክፍል ያድራል። ብቅ ባለበት ቀን ወደ መስኮት ወይም ወደ በረንዳ ፀሐይ መውጣት አለበት፤ ሁለት ቀን ጨለማ ከቆየ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል። ከዚያ ደካማውን በመቀስ ቁረጪ እንጂ አትንቀዪው፣ የጓደኛውን ሥር ይዞ ይወጣል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በኋላ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ኩባያው ተቀዶ አፈሩ ሳይፈርስ ይተከላል፤ ሥሩ የተነካ ኪያር ለሳምንት ይቀጭጫል።

የግቢው አፈር ዋልካ ከሆነ ውሃ ይይዛል፣ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። በየ40 ሴንቲ ሜትሩ 30 በ30 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ሁለት አካፋ በደንብ የበሰለ ፍግ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ዩሪያ የበዛበትም ቅጠል ብቻ ያሳያል። በየችግኙ ላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ይደፋል፣ ቀን ክዳኑ ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ቆራጭ ትልንም ይከላከላል። ሐረጉ እንዲወጣበት 1 ሜትር ከ80 የሚሆን አጠና ይተከልና ሲባጎ ይወጠርበታል።

የምትችሉ ከሆነ አጠናውን አጉብጣችሁ ነጭ ላስቲክ አልብሱበት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልተከፈተ ውስጡ ከ35 ዲግሪ ያልፍና አበባው ይረግፋል። ላስቲክ ስር ንብ እንደልቧ ስለማትገባ፣ እዚያ ውስጥ ፓኬቱ ‘ፓርተኖካርፒክ’ (ያለ ንብ የሚያፈራ) የሚለውን፣ ለምሳሌ ዲቫን፣ ትከሉ።

ይማም፦
ተቀብያለሁ አበባው። ላስቲክ ካለ የእኔ ሚያዝያ አያስፈልግም።

ዘሃራ፦
ጋሽ ይማም፣ አበባው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ፓኬት ውስጥ ሁለት ሦስቱ ዘሮች ቀለም ተቀብተዋል፣ ምንድን ናቸው? መራራ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ባለቤቴ ዘሩ ነው ይላል።

ይማም፦
ቀለም የተቀቡትን እንዳትጥያቸው! ያ ዘር ሴቴ አበባ ብቻ ማለት ይቻላል የሚያወጣ ዲቃላ ነው፤ ቀለም ያላቸው ወንዴ አበባ እንዲሰጡ የተቀላቀሉ ናቸው። በየመደቡ ቢያንስ አንዱ ካልተተከለ ሌሎቹ ፍሬ አይቋጥሩም። በተራው ዘር ላይ ግን መጀመሪያ የሚወጡት ወንዴዎች ናቸው፣ ረግፈው ስታዪ አትደንግጪ። ሴቴዋ ከአበባው ሥር ትንሽ ኪያር ይዛ ትመጣለች። ትንሿ ኪያር ቢጫ ሆና ከቀረች ወይም አንድ ወገኗ ብቻ ካበጠ፣ ንብ አልበቃትም። ጠዋት ወንዴውን አበባ ቆርጠሽ የአበባ ቅጠሎቹን አንሺና መሐሉን ሴቴዋ ውስጥ አሻሺ።

ስለ ምሬቱ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ ነገር ተክሉ ውስጥ አለ። ዘሩም ያበዛዋል፤ የውሃ መቆራረጥ፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት መራራቅም ያበዛዋል። ደሴ ላይ የሙቀቱ መራራቅ አይቀርም፣ ውሃው ግን በእጅሽ ነው። ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ፍሬ የያዘ ተክል በሞቃት ቀን 2 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳይነካ። ላዩን በገለባ ሸፍኑት። መራራ ከወጣ ከግንዱ በኩል ያለውን ጫፍ ቆርጠሽ ላጪው፣ አብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

ኮምቦልቻ ላይ የባሰው የፍሬ ዝንብ ነው። ለጋውን ትወጋና እንቁላል ትጥላለች፣ ፍሬው ይጣመማል፣ ውስጡ ትል ይሞላል። የተወጋውን መሬት ላይ መተው ወይም ፍግ ክምር ላይ መጣል ለሚቀጥለው ትውልዷ ቤት መሥራት ነው። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቋጥሮ ፀሐይ ላይ ማክረም ይሻላል፣ ወይም ግማሽ ሜትር መቅበር። አበባው እንደጠወለገ ፍሬውን በወረቀት ከረጢት ማሰር ለጓሮ ይሠራል።

አበባው፦
በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ የደረቅ ወቅት በሽታ ነው፣ የታመመውን ቅጠል አንሱ፣ አየር ይግባው። በቅጠሉ ጅማቶች የታጠረ ማዕዘን ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ከሆነና ከቅጠሉ በታች ግራጫ ሻጋታ ካለ ግን የእርጥበት በሽታ ነው፣ በፍጥነት ይገድላል። ያለውን ፍሬ ለቅሞ ሐረጉን ነቅሎ ማስወገድ ነው። በዚያው ቦታ ለሦስት ዓመት ኪያር፣ ዱባ፣ ዝኩኒም ሐብሐብም አይተከል።

በየሁለት ቀኑ ልቀሙ። አንድ ፍሬ ቢጫ እስኪሆን ከተተወ ተክሉ ሌላ መያዝ ያቆማል። ከ10 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ይልፈሰፈሳል፤ የደሴ ጓዳ ለጥቂት ቀን ከፍሪጅ ይሻለዋል።

ለዘር የምታስቀሩት ዲቃላ ካልሆነው ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ከማርኬትሞርና ዲቃላ ካልሆነው ቤት አልፋ፤ ሁለት ዓይነት በአንድ ግቢ ካበቡ ይዳቀላሉና በግቢ ለዩአቸው። ከዱባ ጋር ግን አይዳቀልም። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከጤነኛው ተክል አንድ ፍሬ ቢጫ ሆኖ እስኪያብጥ ተዉት። ዘሩን ከነልጋጉ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቡኩት፣ እጠቡት፣ የሰመጠውን ጥላ ሥር አድርቁ። ደርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አምስት ዓመት ያህል ይቆያል።

ይማም፦
ዘሩን ስትገዢ ከነፓኬቱ ያዢው፣ ተፈትቶ በወረቀት የተጠቀለለ አይሁን። ዘር ወደ አገር ሲገባ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ከመነሣትሽ በፊት በዚያው አገር ያለውን የግብርና መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ካስቸገረሽ ማርኬትሞር አገር ውስጥም አትክልት ዘር ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፣ የማሸጊያውን ቀን አይተሽ ግዢ።