በአደጋ ጊዜ ገንዘቡም ውሳኔውም በማን እጅ ይሁን? (ክርክር)

የላስታ ልጅ፦ ሰሞኑን ስለ ጎፋው የመሬት መንሸራተት ስንነጋገር አንዱ ወንድማችን «የፌዴራል መንግሥት ዘግይቶ ደረሰ» አለ፤ ሌላው «ክልሉስ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ መለሰለት፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። እኔ ግን በዚያው እንዲቀር አልፈልግም። ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፦ አደጋ ሲደርስ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ እህልና ውሳኔ በፌዴራል እጅ ይቆይ ወይስ አስቀድሞ ለክልሎችና ለወረዳዎች ይሰጥ?

የእኔን አቋም ላስቀድም፤ ወደ ታች ይውረድ ባይ ነኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመጀመሪያው ናዳ ቤተሰቦችን ከነቤታቸው ቀበረ። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ ለማዳን ሲሮጥ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ አዳኞቹን ቀበረ። ከሟቾቹ መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የዘገበው የሟቾች ቁጥር 257 ደርሶ ነበር። በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ እህልና ድንኳንም ከየአቅጣጫው መጣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በቦታው የነበረው መንግሥት ቀበሌውና ወረዳው ብቻ ነው፤ በእጁም ከአካፋ በቀር ምንም አልነበረውም።

የበጀት ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ሐዘንህን እጋራለሁ፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። የክልሎቻችን በጀት በአብዛኛው የሚቆመው ከፌዴራል በሚመጣ ድጎማ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ የተመሠረተው ነሐሴ 2015 ነው፤ ናዳው ሲወርድ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። እንዲህ ያለ ክልል ከደመወዝ ተርፎት የሚያስቀምጠው የአደጋ ጥሪት ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ነገር፣ አደጋ ለክልሎች እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍበት የአንድ ክልል መጠባበቂያ በመጀመሪያው ወቅት ባለቀ ነበር። በ2008 የኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ፣ ዝናብ ያላጣውን አካባቢ ሀብት ዝናብ ወዳጣው ማዞር የሚችለው ማእከላዊ መንግሥት ብቻ ነበር። እህሉም ቢሆን አዲስ አበባ ተቆልፎ የተቀመጠ አይደለም፤ የመጠባበቂያ መጋዘኖች ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ሻሸመኔ፣ ድሬዳዋ፣ ወላይታ ሶዶ ያሉ ናቸው።

ድንበር የማያውቅ አደጋም አለ። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አፋርም ኦሮሚያም ተነካ፤ መንግሥት ከ80,000 በላይ ሰው ከአካባቢው ለማንሣት ተነሣ። ያንን የትኛው ክልል ያስተባብረው?

ከሳውላ፦ በጎፋ ዞን አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ወረዳ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም። የበጀት ባለሙያው ወንድሜ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መጋዘኑ ኮምቦልቻ መሆኑ ለእኛ ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው መጋዘኑን ለማስከፈት የሚፈረመው ወረቀት የሚሄድበት መንገድ ነው።

መንገዱን ላስረዳ። ችግሩን ቀበሌው ለወረዳ ያመለክታል። ወረዳው ኮሚቴ ሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይይዝና ለዞን ይጽፋል። ዞኑ አጣርቶ ለክልል፣ ክልሉ አጣርቶ ለፌዴራሉ የአደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ይጽፋል። ከዚያ «ቁጥሩ ተጋኗል» የሚል መልስ ይመጣና አጣሪ ቡድን ይላካል። አጣሪዎቹ በመኪና መጥተው አስፋልት ዳር ያሉትን ቀበሌዎች አይተው ይመለሳሉ፤ ክረምት ከሆነ ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነውና አይፈረድባቸውም። በመጨረሻም በአዳራሽ ተቀምጠን ስለ ተረጂ ቁጥር እንደራደራለን። ወረዳው እንደሚቆረጥበት ስለሚያውቅ አብዝቶ ያመጣል፤ ክልሉ ይቆርጣል፤ ፌዴራሉ እንደገና ይቆርጣል። ከዚያ አዳራሽ የሚወጣው ቁጥር የተራበውን ሰው ቁጥር ሳይሆን ያለውን እህል መጠን የሚያሳይ ነው። ዝርዝሩን ይዘን ቀበሌ ስንመለስ ስሙ የተሰረዘበት ሽማግሌ ተራራ ወርዶ መጥቶ «ልጄ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። የምመልስለት ቃል አልነበረኝም።

የእኛ ቢሮ አንድ ሞተር ብስክሌት ነበረው። ነዳጅ የሚገዛው ከሌላ ጽሕፈት ቤት በጀት ተለምኖ ነው። ተዳፋት ላይ መሬት ሲሰነጠቅ ገበሬው አይቶ ይነግረናል፤ እኛም «ተነሡ» እንላለን። ወዴት? ድንኳን የለ፣ ምትክ መሬት የለ፣ የሁለት ሳምንት ስንቅ የለ። ወደ ላይ ብንጽፍ ደግሞ አደጋው ገና አልደረሰምና የሚመጣ ነገር አይኖርም። ሰዉ ከደረሰ ሰብሉና ከከብቱ ተለይቶ ሜዳ ላይ እንዲያድር በባዶ እጅ ማሳመን አይቻልም። ሰው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ብዛት ግን ይገርማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ብቻ መስሎ እንዳይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 አደጋን መከላከልና ለተጎጂው በወቅቱ መድረስን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። አንቀጽ 93 ደግሞ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት የክልል መስተዳድሮች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 94 የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የአደጋ ጊዜ እርዳታ መስጠት ይችላል ተብሏል። «ይችላል» ነው የሚለው። ክልሉ አደጋ ነው ብሎ ሲያውጅ ፌዴራሉ በስንት ቀን፣ ምን ያህል ይስጥ የሚል አስገዳጅ ነገር በሕገ መንግሥቱ የለም።

በ2016 የሆነውን አስታውሱ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ድርቁ ከ1977ቱ ጋር የሚነጻጸር ረሃብ እያመጣ ነው ሲል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ንጽጽሩን አልተቀበለም። በጥር ወር የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ሁለቱ መንግሥታት ለነገሩ በሚሰጠው ስም ላይ ሲከራከሩ ሰው እየሞተ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ «አደጋ ነው» የማለት ሥልጣን የማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

የወሎዋ፦ ልጆቼ፣ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። በ1965 ወሎ ሲራብ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም የሸሸገው፤ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንትም ሸሽገዋል። ጉዳዩን አደባባይ ያወጡት ፎቶግራፍ አንሥተው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ስሙ እየተለዋወጠ አለ። እና ሥልጣኑ ለክልል ይሰጥ ስትሉ፣ የክልል ሹም ደሃውን ከፌዴራል ሹም ይበልጥ ያዝንለታል ያላችሁ ማን ነው? በሰኔ 2015 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቋረጡት እህሉ ከተረጂው አፍ እየተነጠቀ ስለተገኘ አይደለም እንዴ? ለወራት ራሽኑ ተቋርጦበት የተቀጣው ደግሞ ያልሰረቀው ነው።

የላስታ ልጅ፦ እናታችን፣ ያነሡት ነገር ይከብዳል፤ ግን የእኔን ክርክር አያፈርሰውም። ያ ሁሉ የሆነው ሥርዓቱ ከላይ ወደ ታች በሚሠራበት ጊዜ ነው። ማእከላዊ ስለሆነ እህሉ ከስርቆት አልተጠበቀም።

የበጀት ባለሙያ፦ እትዬ የተናገሩት የእኔም ሥጋት ነው። በአንድ ነገር ግን የሳውላው ወንድሜ አሳምኖኛል፤ ገንዘብ አደጋው ሳይደርስ መውጣት መቻል አለበት። እንግዳ ነገርም አይደለም። ምግብ የሚያጥራቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ከተጀመረ በኋላ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን መጠባበቂያ በወረዳ 5 በመቶ፣ በክልል 15 በመቶ እንዲያዝ ተደርጎ ነበር። ይህን ለድርቅ ብቻ ሳይሆን ለናዳና ለጎርፍም ማስፋት ይቻላል። መነሻውም በድርድር ሳይሆን አስቀድሞ በተስማሙበት መለኪያ ይሁን፦ ዝናቡ ይህን ያህል ሲቀንስ፣ ወይም ተዳፋቱ ተሰንጥቆ ባለሙያ ሲያረጋግጥ፣ ገንዘቡ ማንንም ሳይለምን ይለቀቅ። ትልቁ ጥሪትና እህሉ ግን በፌዴራል ይቆይ፤ በዚህ አልደራደርም። ከጥር 2017 ወዲህ የአሜሪካ እርዳታ በአብዛኛው ሲቆም አይተናል፤ ያለችንን በየክልሉ በታትነን ብናስቀምጥ ለማንም አትበቃም።

የሕግ ተማሪ፦ መለኪያውን የሚያነበውስ ማን ነው? የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ብቻ ከሆነ ወደ አዳራሹ ድርድር ተመለስን ማለት ነው።

ከሳውላ፦ ወረዳው ያንብበው፤ ክልሉና ፌዴራሉ በዚያው ቀን ግልባጩ ይድረሳቸው። ስሕተት አለ የሚል በሦስት ቀን ውስጥ መጥቶ ያሳይ፤ ካልመጣ ገንዘቡ ይለቀቅ። አሁን መዘግየት የሚያስጠይቀው አንድም ሰው የለም፤ አለአግባብ ከፈልክ ተብሎ የሚጠየቅ ግን አለ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፈራሚ ወረቀቱን ማሳደር ይመርጣል።

እትዬ ስለ ስርቆት ያነሡት እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። የሰረቀው ሰው ዝርዝሩን በመሳቢያው ይዞ ነበር። የተረጂው ስምና የተመደበለት ኩንታል በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈባቸው ቀበሌዎች ሰዉ ራሱ እየቆጠረ ይረከብ ነበር፤ የሞተ ሰው ስም ሲያገኝ በጩኸት ያሰርዛል። ወረዳው መጠባበቂያ ገንዘብ ሲሰጠው ይህ ግዴታ አብሮት ይምጣ፤ ያልለጠፈ ወረዳ በቀጣዩ ዓመት አያግኝ።

የወሎዋ፦ መለጠፉን እቀበላለሁ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በገበያ ቀን ይነበብለት። ስለ ሥልጣኑ ግን ገና አላሳመናችሁኝም፤ ያ ተሰነጠቀ የተባለው ተዳፋት ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል ወይ?

ከሳውላ፦ ይኖራል፣ እትዬ። ምትክ መሬት እስኪሰጣቸው እየጠበቁ ነው።