የመኪና አደጋ ደርሶብኝ የፖሊስ ማስረጃ አላገኝ አልኩ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሜሪ ሰሚት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቀለበት መንገድ ላይ ወደ መውጫው ልታጠፍ ፍሬቻ አሳይቼ ፍጥነት ስቀንስ አንድ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። የኋላ ፓራውልቷ ተሰብሮ ወደቀ፣ የኋላ በሯ ተጨራምቶ አልከፈት አለ፣ የቀኙ መብራት ደቀቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ሹፌሩ እንደወረደ "እህቴ ይቅርታ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ" ሲለኝ ነበር፣ ትራፊክ ሲመጣ ግን "ድንገት ገብታብኝ ነው" አለ። ትራፊኩ በሜትር ለካ፣ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አነሳ፣ የሁለታችንንም ቃል ጻፈ፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ይዞ ሄደ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንሹራንሴ (ሙሉ ነው የገባሁት) የፖሊስ ማስረጃ አምጪ አለኝ። ሰፈሬ ያለው ጣቢያ ስሄድ "አደጋው በእኛ ክልል አይደለም" ተባልኩ። ሌላው ጋ ስሄድ ደግሞ ፕላኑን ያነሳው ትራፊክ ዛሬ ፈረቃው አይደለም፣ ወረቀቱ እሱ ጋ ነው አሉኝ። ሹፌሩ እየደወለ "ማስረጃ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አሠራልሻለሁ፣ ነይና ተስማምተናል ብለሽ ፈርሚልኝ፣ መንጃ ፈቃዴን ላውጣ" ይለኛል። አንጀቴን ይበላኛል፣ የሰው መኪና ነው የሚነዳው። ሌላው ችግር፣ ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ አሜሪካ ነው።

እና ማስረጃውን የምጠይቀው እኔ ነኝ ወይስ ኢንሹራንሱ? ልፈርምለትስ?

ክሌም ክፍል፦
እህቴ እንኳን አተረፈሽ። ብረት ይጠገናል። ኢንሹራንስ ቤት የሞተር ክሌም (የመኪና ካሳ ጥያቄ) ላይ ስለምሠራ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚመጣብኝ።

ማስረጃው የሚወጣው አደጋው ከደረሰበት ክፍለ ከተማ ፖሊስ ነው፣ ከምትኖሪበት አይደለም። ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ ክልሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ሰው ይሳሳታል፣ አንዱ አደባባይ በዚህ በኩል የአንዱ፣ በዚያ በኩል የሌላው ይሆናል። አሁን ትክክለኛውን ያገኘሽ ይመስለኛል። እዚያ ስትሄጂ በር ላይ ያለውን ፖሊስ አትጠይቂ፣ የትራፊክ አደጋ ምርመራ የሚሠራው ክፍል የት ነው በይ። የአደጋውን ቀን፣ ሰዓት፣ የሁለቱን መኪና ታርጋና የትራፊኩን ስም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። "ወረቀቱ እሱ ጋ ነው" ካሉሽ ኃላፊውን ጠይቂ። ፕላኑ የጣቢያው ሰነድ ነው፣ የትራፊኩ የግል ንብረት አይደለም። አደጋው መዝገብ ላይ መስፈሩን አረጋግጪና የመዝገብ ቁጥሩን ጻፊ። ያ ቁጥር ካለሽ ሌላው ይቀላል።

ማን ይጠይቅ ላልሽው፣ ሁለታችሁም። መጀመሪያ ግን ኢንሹራንስሽ ጋ ሄደሽ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ሙዪ። ቀን አታሳልፊ፣ ፖሊሲሽ (የኢንሹራንስ ውልሽ) ላይ የማሳወቂያ ጊዜ ተጽፏል፣ እሱን አንብቢ። ከዚያ ማስረጃ ይሰጠን የሚል ደብዳቤ ለፖሊስ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ወጪ ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዘሽ ስትሄጂ አቀባበሉ ራሱ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ለድርጅት የሚጻፍ ደብዳቤ ስለሚሆን መዝገብ ቤት ይገባል፣ ተከታትለሽ የት እንደደረሰ መጠየቅ ትችያለሽ። ክፍያ ካለ በደረሰኝ ብቻ ክፈዪ።

አንድ በጣም የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ማስረጃው ሲወጣ ከጣቢያው ሳትወጪ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ታርጋሽን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዪ፣ ኮዱንም ጭምር፣ ኮድ 2 መሆን ያለበት ኮድ 3 ተብሎ የሚመጣ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። የሹፌሮቹ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የአይሱዙው ኢንሹራንስ የማን እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነና ምን ደንብ እንደተጣሰ በግልጽ መጻፍ አለበት። "ግጭት ደርሷል" ብቻ የሚል ወረቀት ለእኛ ምንም አይሠራም፣ መልሰን እንልክሻለን፣ እንደገና ደግሞ ማመልከቻ ነው።

መኪናዋን ገማች ሳያያት እንዳታስነኪያት። ፓራውልቱንም አትጣዪው፣ የተሰበረውን ሁሉ ሰብስበሽ ሻንጣው ውስጥ ካልገባ ኋላ ወንበር ላይ አድርጊው።

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ አትፈርሚ። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል መሪ ይዣለሁ፣ "አሠራልሻለሁ" የሚባለው ነገር መንጃ ፈቃዱ እስኪወጣ ነው። ልጁ ክፉ ነው አላልኩም፣ አቅሙ አይፈቅድም። ጋራዥ ሄዳችሁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋጋ ከላይ የሚታየው ነው። ፓራውልቱ ሲነሳ ከኋላው ያለው ላሜራ መታጠፉ ይታያል፣ ሻንሲው ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ በሩ ቢቃናም ሲዘጋ ውኃ የሚያስገባ ይሆናል። ያኔ ልጁ ስልክ አያነሳም። ለአይሱዙው ባለቤት ደውይ፣ መኪናውን የሚያሠራ ሰው አለ፣ ከሱ ጋር ተነጋገሪ። መስማማት ከፈለጋችሁ ገንዘቡ እጅሽ ሲገባ ወይም መኪናሽ ተሠርታ ስትወጣ ፈርሚ። ከዚያ በፊት ምንም።

ሕግ ነክ፦
የድሮ ሹፌር ያሉት ትክክል ነው፣ ከሕግ በኩል ልጨምርበት።

ሰው ብዙ ጊዜ የፖሊስ ማስረጃን የኢንሹራንስ ፎርማሊቲ አድርጎ ነው የሚያየው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2084 እዩት። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ መነሻ የሚያደርገው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ነው፣ ጠቅላላ ጉዳቱም ግማሽ ግማሽ ይከፈላል። ይሄ የሚቀረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ምን ይዘሽ ልታረጋግጪ ነው? ሹፌሩ መንገድ ላይ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ያለውን ማን ሰማ? የሚያወራልሽ ያ ፕላን ነው፤ የመኪኖቹ አቋም፣ የፍሬን ምልክቱ፣ በመካከላችሁ የነበረው ርቀት። ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ርቀት ጠብቆ የመንዳት ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ ፕላኑ በትክክል ከተነሳ አቋምሽ ጠንካራ ነው። ያለ ማስረጃ ግን በማታውቂው ጥፋት ግማሹን ልትሸከሚ ትችያለሽ፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያሳዝናል፣ ስንት ሰው በዝምታ እየከፈለ ነው።

ሹፌሩ ደሃ ነው ብለሽ አትጨነቂ። በአንቀጽ 2081 መሠረት ለተሽከርካሪው የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፣ ሌላ ሰው እየነዳው ቢሆንም። አይሱዙውም በአዋጅ 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፣ ተለጣፊው መስታወቱ ላይ አለ። ያንን ፎቶ አንስተሻል? ካላነሳሽ ማስረጃው ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ።

ኢንሹራንስሽ ሳያውቅ "ተስማምተናል፣ ጥያቄ የለኝም" ብለሽ ከፈረምሽ ደግሞ የራስሽም ኢንሹራንስ ላይከፍልሽ ይችላል። ለአንቺ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን የሚጠይቀው በአንቺ ቦታ ገብቶ ነው። አንቺ መብቱን በፊርማ ከተውሽው እሱ ምን ይዞ ይጠይቃል?

ሌላው፣ አንገትሽን ወይም ወገብሽን እያመመሽ ከሆነ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂጂና ለመርማሪውም አሳውቂ። ከኋላ የተገጨ ሰው ሕመሙ ውሎ አድሮ ነው የሚሰማው። የአካል ጉዳት ካለ ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ጋ የሚሄድ የወንጀል መዝገብ ሊሆን ይችላል፣ አካሄዱም ይለያል። ካሳ ለመጠየቅ በአንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው ያለሽ፣ ጊዜ አለኝ ብለሽ ግን አትዘናጊ።

ሜሪ ሰሚት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ አልፈርምም። ኢንሹራንስ ቤት ሄጄ ቅጹን ሞልቻለሁ፣ ደብዳቤውን ነገ ትወስጂያለሽ ብለውኛል። አንገቴን ትንሽ ያመኛል፣ ዛሬ ማታ እታያለሁ። የወንድሜስ ነገር? ማስረጃውን ለመውሰድ ውክልና ያስፈልጋል?

ክሌም ክፍል፦
ለማስረጃው አንቺ ሹፌሯ ስለሆንሽ መታወቂያና መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ መከታተል ትችያለሽ። ውክልና የሚመጣው ክፍያ ላይ ነው፣ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለባለ ፖሊሲው ወይም ለባለንብረቱ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ከአሁኑ ይጀምር። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጥለታል፣ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታያል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ "ከኢንሹራንስ ካሳ የመጠየቅና ገንዘብ የመቀበል" የሚል ግልጽ ቃል ይኑርበት። ለመሸጥ ለመለወጥ ብቻ የሚል ከሆነ የሕግ ክፍሉ አይቀበለውም።

ባለ ኮሮላ፦
እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ የለኝም፣ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለኝ። ለኔም ይሠራል? ቆሜ ሳለሁ ሚኒባስ ፓራፋንጎዬን ገፎ ሄደ፣ ታርጋውን ይዤዋለሁ።

ሕግ ነክ፦
ይሠራል ወንድሜ። ታርጋውን ይዘህ እዚያው ክፍለ ከተማ ፖሊስ አመልክት፣ ባለቤቱን በታርጋው ያገኙታል። ማስረጃው ሲወጣ በቀጥታ የሚኒባሱ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጋ ሂድ። ለንብረት የሚከፍሉት ጣሪያ አለው፣ ከዚያ የሚያልፈውን ከባለቤቱ ትጠይቃለህ። ለአንተ ፓራፋንጎ ጣሪያው ጋ የምትደርስ አይመስለኝም። ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ዛሬውኑ ያዝ፣ የሱቅ ካሜራ ካለም ቀረጻው ሳይጠፋ ባለሱቁን ለምነው። ገጭቶ ያመለጠው ሳይታወቅ ቢቀር መድን ፈንድ አለ ትሉ ይሆናል፣ እሱ ግን ለሞትና ለአካል ጉዳት ነው እንጂ ለመኪና አይከፍልም። ስለዚህ ያቺ የያዝካት ታርጋ እንዳትጠፋህ።

ሜሪ ሰሚት፦
ትራፊኩን አገኘሁት፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ፕላኑን መዝገብ ላይ አሳየኝ። የእኔ መኪና በመስመሯ እንዳለች፣ የአይሱዙው የፍሬን ምልክት ከኋላዬ ረጅም ሆኖ ተስሏል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ሰጥተውኛል። ታርጋዬን ግን ከአሁኑ አንድ ቁጥር አሳስተው ጽፈውት ስለነበር እዚያው አስተካከሉልኝ፣ ክሌም ክፍል ተባረክ።