ዳኬ ላይ ሁልጊዜ 48 ነው የሚለው፤ ከፍተኛ ጥራት ያላቸው ፋይሎች ደግሞ ይቆራረጡብኛል

ዮናስ ሰሚት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። አባቴ የተወልኝ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየርና ጥንድ ስፒከር አለኝ፤ ድምፃቸው ዛሬም ልብ ያሞቃል። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የሙዚቃ ስትሪመር (ዘፈን በኔትወርክ እያመጣ የሚያጫውት ዕቃ) እና ለብቻው የሆነ ዳክ (ዲጂታሉን ድምፅ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የሚለውጥ ዕቃ) ይዛልኝ መጣች። ስትሪመሩ በኦፕቲካል ገመድ ከዳኩ፣ ዳኩ ደግሞ በቀይና ነጩ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዟል።

ዘፈኖቼ ሦስት ዓይነት ናቸው። ገዝቼ ያወረድኳቸው 24/96 እና 24/192 (24 ቢት፣ 96 ወይም 192 ኪሎ ኸርዝ) የሆኑ የፍላክ (ድምፁን ሳይቀንስ የሚጨምቅ) ፋይሎች፣ ከራሴ ሲዲዎች የገለበጥኳቸው፣ ከዚያ ደግሞ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስሞላኋቸው የድሮ ዘፈኖች። ሻጩ የፍላሾቹም «ሃይ ሬዝ»፣ ማለትም ከሲዲ የበለጠ ጥራት ያላቸው ናቸው ብሎኛል፤ የፋይሉ ስም ላይም 24 ቢት የሚል አለ።

አሁን የቸገረኝን ልንገራችሁ። ከስልኬ ሳጫውት፣ የቱንም ዘፈን ብከፍት ዳኩ ላይ የምትበራው ቁጥር 48 ናት፤ ንቅንቅ አትልም። ላፕቶፑ ላይ ያሉትን በስትሪመሩ መተግበሪያ ሳጫውት ቁጥሩ ይለወጣል፣ ግን በተለይ 192ቱ ይቆራረጣል። የኢንተርኔት ፓኬጄን ከፍ ላስደርገው? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ በፍላሹ «24 ቢት»ና በሲዲው መካከል ልዩነት አልሰማም። ጆሮዬ ነው ወይስ ዕቃው?

ኤርሚ ቴክ፦
ሰላም ዮኒ። መጀመሪያ ፓኬጁን ተወው፣ ብርህን አታባክን። ላፕቶፕህ ላይ ያለ ፋይል ወደ ስትሪመርህ ሲሄድ የሚያልፈው በቤትህ ራውተር ብቻ ነው፤ ከቤት አይወጣም። የውጭው መስመር ተቋርጦ እንኳ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ሙዚቃህ ይጫወታል። ፓኬጅ የሚያስፈልግህ ከኢንተርኔት ላይ በቀጥታ ስታዳምጥ ነው።

48 ያልከው ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከስልክህ የምትልከው በብሉቱዝ ነው አይደል? አንድሮይድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሁሉንም መተግበሪያ ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ ወደ 48 ኪሎ ኸርዝ ይለውጠዋል። ከዚያ ብሉቱዙ እንደገና ይጨምቀዋል። ከተለመዱት የብሉቱዝ ዓይነቶች ሰፊው የሚባለው ኤልዳክ እንኳ ቢበዛ በሴኮንድ 990 ኪሎ ቢት ነው የሚያሳልፈው። ተራ ሲዲ ሳይጨመቅ 1,411 ይፈልጋል፤ 24/192 ደግሞ 9,216። ስለዚህ ዳክህ አልዋሸህም፣ የደረሰውን ነው የሚያሳይህ።

መፍትሔው ስልኩን ሪሞት ብቻ ማድረግ ነው። ዘፈኑን የምትመርጠው በስልክህ ይሁን፣ ፋይሉን ግን ስትሪመሩ ራሱ ሄዶ ከላፕቶፑ ወይም ከዲስኩ ያምጣ። ላፕቶፑ ላይ እንደ ሚኒምሰርቨር ያለ ነፃ ሰርቨር (ፋይሎችህን ለስትሪመሩ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ትጭናለህ፣ የሙዚቃ ፎልደርህን ታሳየዋለህ፣ ስትሪመሩ መተግበሪያ ውስጥ ስሙ ይመጣልሃል። ያኔ ስልኩን ብታጠፋውም የተከፈተው ዘፈን አይቆምም። ከገዛሃቸው 96 ከሆኑት አንዱን ክፈትና ዳኩ 96 ካለ በዚህ በኩል ያለው ነገር አለቀ።

አሁን የመቆራረጡን ነገር አስረዳኝ። እንዴት ነው የሚቆራረጠው? ጠቅ ጠቅ ይላል ወይስ ዝም ብሎ ቆይቶ ይቀጥላል?

ዮናስ ሰሚት፦
ኤርሚ ተባረክ። አዎ፣ በብሉቱዝ ነበር። የመቆራረጡን ነገር ሳስተውለው ሁለቱም አለ። 192 ሲሆን ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አንዳንዴም የዳኩ ቁጥር ብልጭ ብሎ ይጠፋና ይመለሳል። ማታ ማታ ደግሞ 96ም ቢሆን ድንገት ጸጥ ይልና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይቀጥላል።

ኤርሚ ቴክ፦
እንግዲያው ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብህ፣ ለየብቻ ነው የሚፈቱት።

ጠቅ ጠቅ የሚለውና ቁጥሩ የሚጠፋው የገመድ ነው። ኦፕቲካል እስከ 96 ድረስ እምነት የሚጣልበት ነው፤ 192 ላይ ግን በመሣሪያውና በገመዱ ይወሰናል፣ ብዙ ዳኮች ላይ መንገዳገድ ይጀምራል። እርግጠኛ ለመሆን አንድ 192 ፋይል በፍላሽ አድርገህ፣ ስትሪመርህ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ሰካበትና አጫውት። ዋይፋይ የሌለበት ሙከራ ነው። እዚያም ጠቅ ካለ ገመዱ ነው። ከዚያ ስትሪመሩም ዳኩም የኮአክሲያል ቀዳዳ እንዳላቸው እይ። ብርቱካናማ ወይም ጥቁር የሆነች አንዲት ቀዳዳ ናት፣ «ዲጂታል» ወይም «ኮአክስ» የሚል ይጻፍባታል። ለዲጂታል የተሠራ 75 ኦም ገመድ ግዛ፤ ውድ መሆን የለበትም።

ማታ ጸጥ የሚለው ደግሞ ዋይፋዩ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ሁሉም ቤት ይገባል፣ ሁሉም ራውተር ይበራል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ እነዚያን ይሻማል። ስትሪመሩ በፋይሉና በዳኩ መካከል ጥቂት ሴኮንድ የሚያህል ድምፅ አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ ያ ሲያልቅበት ነው ጸጥ የሚለው። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ 5 ጊጋ ኸርዙ ላይ አድርገው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የኔትወርክ ገመድ ነው። ላፕቶፑንም ስትሪመሩንም በገመድ ራውተሩ ላይ ሰካ፤ ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱ ፋይል አየር ላይ ሁለት ጊዜ ነው የሚመላለሰው።

ስትሪመሩን የቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀምጠኸው ከሆነም አንሣው። ብረቱ ይጋርደዋል፣ ሙቀቱም አይስማማውም።

ሳሚ ፒያሳ፦
ይቅርታ በመሃል ልግባ። እኔም ስትሪመር ገዝቼ ከድሮ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቼዋለሁ። ድምፁ ግን ወፍራም ነው፣ ቤዙ ይጎረብጣል፣ ትንሽ ከፍ ሳደርገው ይሰነጠቃል። የተሰካው «ፎኖ» በሚለው ላይ ነው፣ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ዝገዋል።

ሄለን ስቱትጋርት፦
ሳሚ፣ አሁኑኑ ንቀለው! ፎኖ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው፤ ፎኖው ደግሞ ያንን መልሶ ይገለብጠዋል፣ ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ምልክትም በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። ከስትሪመር የሚመጣው በራሱ ጠንካራ ስለሆነ ስፒከሮችህን ልትጎዳ ትችላለህ። «ኦክስ»፣ «ቲውነር»፣ «ቴፕ» ወይም «ሲዲ» የሚለው ላይ ሰካው፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ዝገቱን በኮንታክት ስፕሬይ አጽዳው፣ መብራቱን ነቅለህ ግን።

ዮናስ፣ ላንተም አንድ ነገር ልጨምር። ስትሪመሩ ወደ ዳኩ በዲጂታል የሚልክ ከሆነ የስትሪመሩን ቮሊዩም 100 ላይ ወይም «ቋሚ» በሚለው ላይ አድርገው፣ ከፍና ዝቅ የምታደርገው በአምፕሊፋየሩ ይሁን። ከማስነሣትህ በፊት የአምፕሊፋየሩን ቮሊዩም ዝቅ ማድረግ እንዳትረሳ። መተግበሪያው ውስጥ ያለውን ኢኳላይዘርም አጥፋው፤ አንዳንዱ ኢኳላይዘር ሲበራ ፋይሉን ወደ ዝቅተኛ ቁጥር ያወርደዋል።

የፍላሹን ጉዳይ በተመለከተ ጆሮህ ትክክል ነው። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ስትጥልበት ድምፁን በሥዕል ያሳይሃል፤ ከታች ወፍራሙ፣ ከላይ ቀጭኑ። የገዛኸውን 24/96 ክፈትበት፣ ቀለሙ ወደ ላይ እየሳሳ እየሳሳ ሲሄድ ታያለህ። ከዚያ የፍላሹን ክፈት። 16 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠና ከዚያ በላይ ጥቁር ብቻ ከሆነ፣ ዘፈኑ በፊት 128 ኪሎ ቢት ኤምፒስሪ ነበረ ማለት ነው። አንድ ሰው ወደ ፍላክ ለውጦ 24 ቢት የሚል ስም ሰጥቶታል። ፋይሉ ተለቀ እንጂ የጠፋው ድምፅ አልተመለሰም። 320 የነበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ 20 አካባቢ ላይ ይቆረጣል።

ዮናስ ሰሚት፦
ሄለን እጅሽ ይባረክ። አሁን ከፍላሾቹ የተወሰኑትን አየኋቸው፣ ልክ እንዳልሽው 16 ላይ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። ያሳዝናል፣ የዘፋኞቹም ገንዘብ ነው። የገዛኋቸው ግን ደህና ናቸው። እሺ፣ እውነተኛው 24/96 ከሲዲው በምን ያህል ይበልጣል?

ሄለን ስቱትጋርት፦
ከምትጠብቀው ባነሰ። ሲዲ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ስለሚቀረጽ እስከ 22 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ ጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዘፈን በሃይ ሬዝ ሲሻልህ ብዙ ጊዜ የተሻለህ ማስተሩ (ለሕትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ነው፤ ሌላ ባለሙያ፣ ከተሻለ ቴፕ፣ ድምፁን ሳያጨናንቅ ሠርቶታል። ማረጋገጥ ከፈለግክ የራስህን 24/96 ፋይል ወደ 16/44.1 ለውጠውና ፉባር2000 ላይ ባለው ኤቢኤክስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አወዳድር። ሁለት የተለያዩ ቅጂዎችን እያፈራረቅክ ስታዳምጥ ግን ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስልሃል።

ኤርሚ ቴክ፦
እዚህ ላይ ከሄለን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በገና ሲደረደር የአውታሩ ንዝረት እስኪጠፋ ድረስ ስከተለው 24ቱ የበለጠ ይደርሰኛል።

ሄለን ስቱትጋርት፦
ኤርሚ፣ ያልከው ሊሆን የሚችለው የቀረጻ ክፍሉም የቤትህም ጸጥታ በጣም ጥልቅ ሲሆን ነው። 16 ቢት በጣም ዝቅ ባለውና በጣም ከፍ ባለው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይይዛል። ጄኔሬተርና መኪና የሚሰማበት ሳሎን ውስጥ ያንን ሁሉ የሚጠቀምበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ዮናስ ገንዘብ ካለው ክፍሉ ላይ ያውለው፤ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ራቅ ማድረግ።

ጋሽ ከበደ፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም መልካም ብላችኋል። እኔ ዕድሜዬን በቴፕ ቀረጻ ነው ያሳለፍኩት። የድሮ ዘፈኖቻችን የተቀረጹባቸው ቴፖች የሽሽታ (ቴፑ ራሱ የሚያሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ) ማጥፊያ ከሌላቸው ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢይዙ ነው፤ ካሴት ደግሞ ከ50 ትንሽ ቢዘል ነው። ስለዚህ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ለእነሱ የሲዲ ጥራት ከበቂ በላይ ነው።

24 ቢት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ ራስህ ስትገለብጥ። ዮናስ፣ አባትህ አምፕሊፋየር ከተወልህ ካሴትም ሳይተውልህ አይቀርም። በፍላሽ ከምታስሞላ እነሱን ገልብጥ። መጀመሪያ የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ጥረግ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ቀጥሎ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን፣ የሄዱን ማዘንበል የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን ድምፁ ሞኖ ሆኖ እየሰማህ በቀስታ አዙራት። የሆነ ቦታ ላይ ጸናጽሉና «ሰ» የሚለው ድምፅ ድንገት ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ተዋት። አንዳንዱ ካሴት የራሱን ቦታ ይፈልጋል።

ከዚያ በ24/96 ቅረጸው። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ይቁም። በ16 ቢት ይህን ያህል ቦታ መተው ያስፈራል፣ በ24 ግን የምታጣው ነገር የለም። ሳይጨመቅ ለአንድ ሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ስታደርገው በጣም ይቀንሳል። ሽሽታውን በኮምፒዩተር ለማጥፋት አትቸኩል። ከሽሽታው ጋር የማሲንቆውም ትንፋሽ ይሄዳል። ያልተነካውን ቅጂ ለይተህ በሁለት ዲስክ አስቀምጠው።

ዮናስ ሰሚት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ካሴቶቹ በካርቶን ሙሉ አሉ፣ የሰርግ ቅጂዎችም አሉበት።

ያላችሁኝን አድርጌ ውጤቱን ልንገራችሁ። ወደ ኮአክሲያል ስቀይር 192ው ጠቅ ማለቱን አቆመ። የኔትወርክ ገመድ ከዘረጋሁ ወዲህ ማታም ጸጥ አላለም። ራውተሩንና ስትሪመሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ መብራት ብልጭ ሲል ሰርቨሩን እንደገና መፈለግ ቀርቷል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የዘፋኞቹ ስም በአማርኛ የተጻፈው አንዳንዱ በትክክል ይመጣል፣ አንዳንዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል፣ አንዱ ዘፋኝ ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይታያል።

ሄለን ስቱትጋርት፦
የላቲን ፊደል የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ዕቃ የሚረዳው የፊደል አሠራር) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ስለሆነ ነው፤ ቀላሉ መንገድ እንደገና መጻፍ ነው። ኤምፒስሪታግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላክም ይከፍታል፤ የአንድን አልበም ዘፈኖች በሙሉ መርጠህ በአንድ ጊዜ ታስተካክላለህ።

የሚከፋፈለው ደግሞ አንዱ ጋ ኃይሉ፣ ሌላው ጋ ሀይሉ፣ ሌላው ጋ ሃይሉ ተብሎ ስለተጻፈ ነው፤ ለሰርቨሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ አጻጻፍ ምረጥና እሱን ብቻ ተጠቀም። «ከ... ጋር» የሚለውን በዘፋኙ ቦታ ሳይሆን በዘፈኑ ርእስ ላይ አድርገው፤ «የአልበም አርቲስት» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ዋናው ዘፋኝ ብቻ ይሁን። ጨርሰህ ስታስቀምጥ ሰርቨሩ ፎልደሩን እንደገና እንዲያነብ እዘዘው።

ጋሽ ከበደ፦
የሰርጎቹን ካሴት ስትገለብጥ ቀኑንና ቦታውን እዚያው ርእሱ ላይ ጻፍ። የዘፋኞቹን ስም እናትህን ወይም አጎትህን ካገኘህ አሁኑኑ ጠይቅ።