ከመቶ በላይ ሰው ተጫውቶ ኦርኬስትራው የት ገባ? በ«አብራሃዳብራ» ላይ የተነሳ ክርክር

ጠያቂው፦
የኖርዌዩ የብላክ ሜታል (ፈጣንና ጨለምተኛ የከባድ ሮክ ዓይነት) ቡድን ዲሙ ቦርጊር እ.ኤ.አ. በ2010 «አብራሃዳብራ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ወሬው ከአልበሙ ቀድሞ ነበር የደረሰው። የኖርዌይ ሬዲዮ ኦርኬስትራ አለበት፣ ስኮላ ካንቶረም የተባለው ኳየር አለበት፣ ሲደመሩ ከመቶ ሰው በላይ ናቸው ተባለ። እኔ አልበሙ ከተወራለት በታች ነው እላለሁ። መግቢያውን «ዚቢር»ን ስሙት፤ ጊታር ስለሌለበት ቀስቱ ገመዱን ሲነካ ሳይቀር ይለያል። ወዲያው ቀጣዩ ዘፈን «ቦርን ትሬቸረስ» ሲገባ ያ ሁሉ ሰው ከጀርባ የሚጎተት አንድ የኪቦርድ ድምፅ ይሆናል። ለዚህ ኦርኬስትራ ያስፈልግ ነበር?

የኦርኬስትራው ወገን፦
ያስፈልግ ነበር። ሙስቲስና ቮርቴክስ በ2009 ወጥተዋል፤ ቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋቹንም ሳይጮህ በጠራ ድምፅ የሚዘፍነውንም አጥቷል። ያንን ክፍተት የሞላው ጋውተ ስቶሮስ ለኦርኬስትራውና ለኳየሩ የሠራው ቅንብር ነው። በቡድኑ ስም የተሰየመውን ዘፈን አዳምጠው፤ ፍጥነቱ ረጋ ስለሚል ዜማውን የሚሸከመው ኳየሩ ራሱ ነው። እዚያ ላይ ኪቦርድ አይተካውም፤ የሰው ትንፋሽ ያለው ድምፅ ሌላ ነው።

ሚክስ የሚሠራው፦
እኔ ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ መቀላቀል፣ ነው የምሠራው። ሁለታችሁም ሰው ትቆጥራላችሁ፣ ጉዳዩ ግን የቦታ ነው። በደቂቃ 200 ምት የሚሄድ ከበሮ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል በኖታና በኖታ መካከል 75 ሚሊሰከንድ ብቻ ይቀራል። የኮንሰርት አዳራሽ ማስተጋባት ደግሞ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ኖታ ሳይጠፋ ከ25 በላይ ይደራረቡበታል። «ዲሙ ቦርጊር» የተባለው ዘፈን ላይ የሚሰማው ኳየር ብላስት ቢት (በጣም ፈጣኑ የከበሮ ምት) ሲጀምር የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጊታሩ ነው። ዲስቶርሽን የገባበት (ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ) ጊታር ከታች 82 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ይጀምርና እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ድረስ ይሞላል፤ ያውም በግራና በቀኝ ተደራርቦ ተቀድቶ። ቫዮላው፣ ቼሎው፣ ሆርኑ ሁሉ የሚኖሩት እዚያው ውስጥ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሁለት አዝማሪ አብሮ ሲዘፍን የማንኛቸውም ግጥም እንደማይሰማው ማለት ነው። ኦርኬስትራ እንዲሰማ ከተፈለገ ጊታሩ ከ100 ኸርዝ በታች ይቆረጣል፤ ኦርኬስትራው ዜማ ሲይዝ ጊታሩ ከ1 ሺህ እስከ 3 ሺህ ኸርዝ ባለው ላይ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ፈጣን ቦታ ላይ ደግሞ የአዳራሹ ማይክ ዝቅ ብሎ መሣሪያው አጠገብ ያለው ማይክ ይጎላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም መጨረሻ ላይ ሊሚተር (ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድበው መሣሪያ) ሲጫነው ኦርኬስትራው ትልቁን ሀብቱን፣ ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ መውጣቱን ያጣል።

የድሮው ወገን፦
ታዲያ ለምን በ1993 ሌላው የኖርዌይ ብላክ ሜታል ቡድን ኢምፐረር በርካሽ ኪቦርድ ከዚህ የሰፋ ድምፅ አወጣ? አልበሙ የተቀዳው በርገን ከተማ፣ ግሪግሃለን የተባለው የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ቀጂው ፒተን። ጊታሩ ቀጭን ነው፣ ባስ የለውም ማለት ይቻላል። ኪቦርዱም ረጅም ኮርድ ይዞ ይቆማል እንጂ ከጊታሩ ጋር አይሮጥም። ቦታ ተለቆለታል።

የኦርኬስትራው ወገን፦
እሱ ልክ ነው፤ ግን እውነተኛ ኦርኬስትራም ይህን ማድረግ ይችላል። ዲሙ ቦርጊር ራሱ በ2003 ከፕራግ ፊልሃርሞኒክ ጋር ሠርቶታል። «ፕሮጀኒስ» የተባለው ዘፈን ላይ ዋናውን ዜማ የያዘው ኦርኬስትራው ነው፤ ጊታሩ ምት ብቻ ይመታል። ማንም ማንንም አይረግጥም።

ጠያቂው፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው! በ2003 የሚያውቁትን በ2010 ተዉት። ሰው ጨመሩ፣ ቦታ ቀነሱ።

ሚክስ የሚሠራው፦
ጥፋቱ ከቅንብሩ ይሁን ከሚክሱ መለየት ይቻላል። በ2011 ኦስሎ ላይ ከዚያው ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር ያቀረቡት ኮንሰርት በ2017 ወጥቷል፤ በቡድኑ ስም የተሰየመው ዘፈን እዚያ ላይ መጀመሪያ በኦርኬስትራ ብቻ፣ ቀጥሎ ከነጊታሩ ይገኛል። ሁለቱንም ከአልበሙ ቅጂ ጋር ድምፁን እኩል አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ቼሎዎቹ የያዙትን መስመር በኦርኬስትራ ብቻ ከተሠራው ላይ አጥኑና በአልበሙ ላይ ፈልጉት። ያኔ ተመልሳችሁ ስቶሮስን ውቀሱ ወይም ሚክሱን።