ክርክር፦ የታሮት ካርድና የአይሁድ ወር ምን አገናኛቸው?

የዛሬው ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ የአይሁድ ወር አንድ የታሮት ካርድ (ዛሬ ብዙዎች ለጥንቆላ የሚጠቀሙበት ባለ ሥዕል ካርታ) መድበው፣ ወሩን በካርዱ ሥዕል የሚያሰላስሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ጥንታዊ ጥበብ ነው ወይስ ፈጠራ?

ሩት፦ እኔ ክፋቱ አይታየኝም። ሴፈር የጺራ የሚባለው የአይሁድ ጽሑፍ 12 የዕብራይስጥ ፊደላትን ከ12 ወራትና ከ12ቱ የኮከብ ቆጠራ ከዋክብት ጋር ያዛምዳል። ፊደላቱ በጠቅላላ 22፣ የታሮት ዋና ካርዶችም 22። ኤሉልን እዩ። ከአዲስ ዓመት በፊት ሰው ራሱን የሚመረምርበት ወር ነው። የደረሰው ካርድ ደግሞ ፋኖስ ይዞ ብቻውን የቆመ መናኝ! እንዴት አይገጥምም?

ዮናስ፦ እንዲገጥም ተደርጎ ተሠርቶ እንዴት አይገጥም? ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ከዕብራይስጥ ፊደል ጋር ያያያዙት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ይህን ያሉበት ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1781 ነው። ቲሽሪን ላሳይሽ። የፍርድ ወር ነው፣ ኮከቡም ሚዛን። የማርሴይ በሚባለው በድሮው የታሮት ካርታ ግን ሚዛን የያዘችው "ፍትሕ" ቁጥሯ 8 ነበር። ካርዶቹን በቁጥራቸው ተራ ከፊደላቱ ጋር በሚያዛምደው በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ይህ ከአሰድ ኮከብ ጋር ይጥላታል፣ አብ በሚባለው ወር ላይ። ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ላይ የተቋቋመው ጎልደን ዶውን የሚባል የምሥጢራዊ ጥበብ ማኅበር ሰዎች 8ን እና 11ን አቀያየሩ፤ "ፍትሕ" 11 ሆና ቲሽሪ ላይ አረፈች። በቃ፣ ገጠመ።

ሩት፦ እሺ፣ ከዋክብቱስ? እስራኤል ውስጥ ባለው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቤት አልፋ ምኩራብ ወለል ላይ 12ቱም ተሥለዋል እኮ።

ዮናስ፦ ከዋክብቱ አሉ፣ ማን ካደ። ካርዱ ነው የሌለው።

ቤቴል (ከእስራኤል)፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የከነከነኝ። የእኛን የቤተ እስራኤላውያንን በዓል ስግድን የምናከብረው ሄሽቫን በሚባለው ወር በ29 ነው። በዚህ ስሌት የሄሽቫን ኮከብ አቅራብ፣ ካርዱ "ሞት" ነው። ቄሶቹ በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪት አንብበው፣ ጾሙ ተፈትቶ የሚበላበትና የሚጨፈርበትን ቀን በአጽም ሥዕል ላሰላስለው?

ሩት፦ ቤቴልዬ፣ የሞት ካርድ እኮ ሞት ማለት አይደለም። አሮጌው ሄዶ አዲስ መምጣቱ ነው። ስግድስ ቃል ኪዳን የሚታደስበት አይደል?

ቤቴል፦ አየሽ፣ "ፀሐይ" ቢደርሰንም "ሰይጣን" ቢደርሰንም ትርጉም አታጪለትም ነበር።

ዮናስ፦ 😂 አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አዳር የሚባለው ወር ሁለት ይሆናል። ለ13ኛዋ ወር ካርድ ከየት ሊመጣ ነው?

ሩት፦ የአዳር ካርድ ጨረቃ ናት። ሁለት ወር ብትቆይ ማንን ጎዳች?