እስክንድርያ ለአንድ ሳምንት፣ ምን ትመክሩናላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት ከእናቴ ጋር እስክንድርያ አንድ ሳምንት ልንቆይ ነው። የማርቆስን መንበር ማየት የእሷ የቆየ ምኞት ነው። ቀኑን እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

መልስ 1፦ ወቅቱ አሪፍ ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ካይሮ ሁሉ ወደዚያ ስለሚጎርፍ ባሕሩ ዳር መቆሚያ የለም። ቃይትባይ ምሽግን በጠዋት እዩት፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጥንታዊው የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ኮም ኤል ሾቃፋ የመቃብር ዋሻ ግን ብዙ ጠመዝማዛ ደረጃ አለው፣ የእናትሽን ጉልበት አስቢ።

መልስ 2፦ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማርቆስ ካቴድራል ነው የምወስዳቸው። አባ ሰላማን አትናቴዎስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው እኮ እዚያው ከተማ ነው! ነጠላቸውን እንዳይረሱ።

መልስ 3፦ አንዱን ቀን ከከተማ ውጪ ለቅዱስ ሚናስ ገዳም ስጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው አዲሱ ቤተ መጻሕፍትም ግማሽ ቀን ይፈልጋል።